ሞተሩ ከመውረዱ አስቀድሞ፦ ለአሮጌ መኪና ባለቤት የቀረበ ምክር

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ፣ በውጫሌና በውርጌሳ በኩል መርሳን ካለፈ በኋላ በሲሪንቃ አድርጎ ወደ ወልዲያ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ከጥዋት እስከ ማታ የሚያመላልሳቸውን መኪኖች በአስተውሎት ለተመለከተ ሰው፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ በተሠሩበት አገር ቢሆኑ ኖሮ ከአገልግሎት ከተሰናበቱ ዘመን ያለፋቸው፣ በዚህ ግን ገና ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ፣ እህልና ሽንኩርት የሚያጓጉዙ፣ ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሱ መሆናቸው ይታየዋል። አሮጌውን ሃይሉክስ፣ አባዱላውን፣ አይሱዙውን ወይም ዲኤክሱን ኮሮላ በሌላ የመተካቱ ነገር ቀድሞውንም ቀላል አልነበረም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ በዕድሜያቸው ልክ ከፍ የሚል ግብር ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን በእጅ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው እየጨመረ፣ የመለዋወጫውም ዕቃ ዋጋ አብሮት እየናረ ሄዷል።

በዚህ ምክንያት ሞተር መጠገን ለአብዛኛው ባለ መኪና የማይቀር ዕዳ ሆኗል። የማይቀር መሆኑ ግን እያንዳንዱ ጥገና ተገቢ ነው ማለት አይደለም፤ አንዱ ለጥቂት ብር ሲሰስት ታላቁን ሀብት ያጣል፣ ሌላው በጥቂት ጢስ ተደናግጦ ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግለውን ሞተር አውርዶ ያስፈታል። እኔ በበኩሌ ጥገናን የምመዝነው በሁለት ነገር ነው፦ ብልሽቱ ሳይነካ ቢቆይ ምን ያጠፋል? ተጠግኖ ቢድንስ የቀረው የመኪናው አካል ስንት ዓመት ይሄዳል? ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በሥርዓት መመለስ እንዲቻል የተሰናዳ ነውና፣ ባለቤቱ በተራው ቢከተለው ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ተግባር ኮፈኑን ከመክፈት በፊት ከመኪናው ሥር ገብቶ መመልከት ነው። ሻንሲው በዝገት ተበልቶ በመዶሻ ሲነካ የሚፈረፈር፣ ባሌስትራው የሚያያዝበት ስፍራ ደጋግሞ የተበየደና እንደገና የተሰነጠቀ ከሆነ፣ በዚያ ላይ የታደሰ ሞተር መጫን ገንዘብን በሚናድ ቤት ውስጥ እንደ ማኖር ነው። ካምቢዮው ማርሽ የሚተፋ፣ ዲፈረንሻሉ የሚጮህ እንደ ሆነም ይህን በወረቀት ያስፍሩት፤ ታድሶ ኃይሉ የተመለሰለት ሞተር ያረጀውን ካምቢዮና ፍሪሲዮን ፈጥኖ እንደሚጨርሰው ብዙ ሰው የሚረዳው ሁለተኛው ወጪ ሲመጣበት ነው። ከዚህ ጋር ሊብሬውን ያውጡና በላዩ የተጻፉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች በብረቱ ላይ ከተቀረጹት ጋር መግጠማቸውን ያረጋግጡ። የማይገጥም ቁጥር ያለው መኪና ዓመታዊውን ምርመራ አልፎ ቦሎ ለመለጠፍም ሆነ ለመሸጥ ስለሚያስቸግር፣ ይህ ጉዳይ ሳይጠራ ለሞተሩ ብር ማውጣት አይገባም።

ሁለተኛው ተግባር፣ ባለቤቶች ቀርቶ አንዳንድ መካኒኮችም የሚዘነጉት፣ የአገሩን ከፍታ በሒሳብ ውስጥ ማግባት ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት መቆየት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም በከፍታ ምክንያት ብቻ ጤነኛ ሞተር እንደ ሞተ ተቆጥሮ ሊወርድ ይችላልና። የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ያለበት ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ከፍታ ላይ የሚገኘው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ነው። ሞተር ነዳጅን የሚያቃጥለው በሚስበው አየር መጠን ስለ ሆነ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ምንም ሕመም ሳይኖርበት እዚሁ ሲሪንቃ ላይ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ከወልዲያ በድልብ በኩል ዳገቱን ወጥቶ 3,000 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደ ጋሸና ሲደርስ ደግሞ የሚያጣው ሦስት አሥረኛ ይሆናል። ስለዚህ ባለቤቱ «መኪናዬ በቆቦ ሜዳ ደኅና ይሄዳል፣ በጋሸና ዳገት ግን ከሁለተኛ ማርሽ አይወጣም» ብሎ ቢያማርር፣ ይህ ብቻውን የድካም ምልክት አይደለም። ፍርዱ መሰጠት ያለበት ያው መኪና ያንኑ ዳገት በዚያው ጭነት ከዚህ ቀደም እንዴት ይወጣው እንደ ነበር ከታወቀ በኋላ ነው።

የመጭመቂያ ግፊት ሲለካም ይኸው ሕግ ይሠራል። በአምራቹ መጽሐፍ ላይ የሚገኘው ቁጥር ለባሕር ወለል የተሰላ ነውና፣ ለአዲስ የናፍጣ ሞተር 30 ባር ብሎ ቢጽፍ፣ ፍጹም ጤነኛ የሆነው ሞተር በሲሪንቃ ጋራዥ ውስጥ ሲለካ 24 ባር ገደማ ቢያሳይ ይገባዋል፤ ለቤንዚን ሞተር 12 ባር የሚል ከሆነም እዚህ የሚጠበቀው ከ10 በታች ነው። ይህን ሳያሰላ መጽሐፉንና መለኪያውን ብቻ አስተያይቶ «ሞተሩ ደክሟል፣ ይውረድ» የሚል ሰው፣ በቅን ልቡና ቢሆን እንኳ፣ ባለቤቱን ለከባድ ኪሣራ ይዳርገዋል።

የውኃም ነገር እንደዚሁ ነው። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በሲሪንቃ በ94 ገደማ፣ በጋሸና ደግሞ በ90 አካባቢ ይፈላል፤ ብዙ ሞተሮች ግን ቴርሞስታታቸው መከፈት የሚጀምረው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ስለ ሆነ፣ በሞተሩ የተለመደ ሙቀትና በመፍላቱ መካከል የሚቀረው ርቀት እጅግ ጠባብ ነው። ይህን ርቀት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ በውስጡ ያለው ምንጭ ግፊቱን አምቆ ሲይዝ የውኃው መፍያ በሃያ ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ምንጩ ከላላ ግፊቱ ያመልጣል፤ ጤነኛው ሞተር በዳገት ላይ ይፈላል፤ ቴስታታው ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። በዋጋው ከሁሉ ያነሰው ዕቃ ከሁሉ የከበደውን ጥፋት የሚከለክል ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ሰው ክዳኑን የሚለውጠው ቴስታታው ከወረደ በኋላ ነው፤ ይህን በተመለከትሁ ቁጥር አዝናለሁ።

ሦስተኛው ተግባር ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ ይኸውም አንድ ደብተር ገዝቶ በመኪናው ውስጥ ማኖርና ቢያንስ ለአንድ ወር መዝገብ መያዝ ነው። የምርምር ማዕከሉ ባለሙያዎች አንድን የማሽላ ዘር በአንድ ማሳ በአንድ ክረምት ብቻ አይተው ዳኝነት እንደማይሰጡበት ሁሉ፣ ባለ መኪናም በአንድ ቀን ጢስ በሞተሩ ላይ መፍረድ የለበትም። በየማለዳው ሞተሩ ሳይነሣ፣ መኪናው ደልዳላ ስፍራ ላይ ቆሞ፣ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥተው ይመልከቱ፤ የጨመሩትን ዘይት በሊትር፣ የጨመሩትን ውኃ በሊትር፣ የሄዱትን ርቀት በኪሎሜትር ይጻፉ። አንድ ሞተር በ1,000 ኪሎሜትር አንድ ሊትር ዘይት ቢበላ አብዛኞቹ አምራቾች እንደ ወሰን አድርገው ይቀበሉታል፤ ከዚያ በታች የሆነ ፍጆታ ለአሮጌ ሞተር የሞት ፍርድ አይሆንም። በውጭ የሚንጠባጠበውን ዘይት ከውስጥ ከሚቃጠለው ለይቶ ለማወቅ፣ ሞተሩን በደንብ አሳጥበው ማታ ማታ ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን ያንጥፉ፤ በፓራዮሊ ወይም በጓርኒሲዮን በኩል የሚወጣው ዘይት በጥቂት ወጪ የሚገታ ሆኖ ሳለ «ሞተሩ ዘይት ይበላል» ተብሎ ፒስቶን የሚለወጥበት ጊዜ አለ።

የጢሱንም መልክ በደብተሩ ላይ ያስፍሩ፤ መልኩን ብቻ ሳይሆን የሚወጣበትን ጊዜ ጭምር። ሰማያዊ ጢስ ጠዋት ሲነሣ ወይም ረጅም ቁልቁለት ወርደው እንደገና ነዳጅ ሲሰጡት ብቅ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ፣ ዘይቱ የሚወርደው በቫልቮቹ ጎማ በኩል ነው፤ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ሳያቋርጥ የሚጨስ፣ የዘይቱ መሙያ ክዳን ሲከፈትም በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ ግን ፋሻውና ሲሊንደሩ አልቀዋል ማለት ነው። በናፍጣ ሞተር ላይ ጥቁር ጢስ አየር ሲያንስ ወይም ነዳጅ ሲበዛ የሚመጣ ነውና፣ በአመዛኙ ከአየር ማጣሪያው ወይም ከእኝቶሬው ይነሣል፤ ማጣሪያው ከአውራ ጎዳናው ወጥቶ በኮረኮንች ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚወስደው መንገድ ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ በአቧራ ሊታፈን ይችላል። ነጭ ጢስ ጠዋት ብቻ ታይቶ ሲሞቅ ከጠፋ ብዙ አያስጨንቅም፤ ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ፣ ውኃውም ከራዲያተሩ ያለ ምክንያት የሚያንስ እንደ ሆነ ቴስታታው ይጠረጠራል።

አራተኛው ተግባር፣ ደብተሩ ጥርጣሬ ካመለከተ ብቻ፣ ሳይፈቱ መለካት ነው። ባትሪው ሙሉ፣ ሞተሩ የሞቀ መሆን አለበት፤ በቤንዚን ሞተር ካንዴላዎቹ ሁሉ ይወልቃሉ፣ የነዳጅ መርገጫውም እስከ መጨረሻው ይረገጣል፤ በናፍጣ ሞተር ደግሞ የነዳጁ መስመር ተዘግቶ በማሞቂያ ካንዴላዎቹ ስፍራ ለናፍጣ ግፊት የተሠራ መለኪያ ይገጠማል። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ቁጥር በተራ ይጻፍ። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ እርስ በርሱ መቀራረቡ ይመዝናል፤ አራቱም ከመጽሐፉ በአንድ አምስተኛ ያነሱ ሆነው እርስ በርሳቸው እኩል ከሆኑ፣ የሚናገረው የሲሪንቃ ከፍታ ነው፤ ሦስቱ እኩል ሆነው አራተኛው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ከሚሆነው ልዩነት በላይ ቢወርድ ግን ሕመሙ በዚያ ሲሊንደር ውስጥ አለ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አንድ ላይ ሲወርዱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ተብሎ ይገመታል። በቤንዚን ሞተር የወረደውን ሲሊንደር በአንድ ማንኪያ ዘይት አርጥበው እንደገና ቢለኩና ቁጥሩ ከፍ ቢል ጉዳቱ የፋሻ ነው፤ ምንም ካልተለወጠ የቫልቭ ወይም የጓርኒሲዮን ነው። በናፍጣ ሞተር ላይ ይህ ሙከራ ውጤቱን ስለሚያሳስት አይደረግ።

በትንሽ ከተማም ቢሆን ሊሠራ የሚችል ሌላ ፍተሻ አለ፤ የሚያስፈልገው የጎሚስታው ኮምፕረሰርና የሚሰማ ጆሮ ነው። የሚጠረጠረው ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ቦታ ላይ ቆሞ፣ መኪናውም ማርሽ ገብቶለትና የእጅ ፍሬኑ ተይዞ እንዳይንቀሳቀስ ተደርጎ፣ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል አየር ይሰጠው። አየሩ በማርሚታው በኩል ሲያፏጭ ከተሰማ የጢስ ማውጫው ቫልቭ፣ በአየር ማጣሪያው በኩል ከተሰማ የማስገቢያው ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው በኩል ከመጣ ፋሻው፣ በራዲያተሩ ውኃ ውስጥ አረፋ ካስነሣ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ነው። ይህ ሁሉ አንድ ብሎን ከሞተሩ ሳይነሣ የሚታወቅ ነው፤ ስለዚህ ሳይለካ «ከፍተን እንየው» የሚል ጋራዥ ሲገጥምዎ፣ በጨዋ ቃል፣ «ወንድሜ፣ ከመክፈታችን በፊት ለክተህ በወረቀት ጻፍልኝ፤ የመለኪያውን ዋጋ እከፍላለሁ» ይበሉ። ብልሃተኛ መካኒክ በዚህ ቃል አይከፋም።

እንግዲህ ብልሽቱ ከታወቀ በኋላ ወደ ፍርዱ እንመጣለን። ሳያመነቱ የሚሠሩት፣ መኪናው በሚቀጥለው ዓመት ቢሸጥ እንኳ ሊተዉ የማይገባቸው፣ ሞተሩን ከሞት የሚጠብቁት ጥገናዎች ናቸው፦ የራዲያተር ክዳን፣ የላሉ የውኃ ጎማዎች፣ የውኃ ፖምፓ፣ የማራገቢያው ቺንጋ፣ የአየርና የነዳጅ ማጣሪያ። ቴርሞስታት የሞተሩ ጠላት ነው እየተባለ ተነቅሎ የሚጣልበትን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በሜዳ ላይ ሳይሞቅ እየሠራ ነዳጅ ያባክናል፣ ሲሊንደሩንም ያለ ዕድሜው ያስበላል፤ በዳገት ላይ ከሚመጣው መፍላትም አያድነውም፤ የዚያ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የተደፈነ ራዲያተር ነውና። ከምንጭና ከወንዝ የሚቀዳው ውኃ ኖራና ደለል ያስቀምጣል፤ ዝገት ከሚከለክለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጋር የተቀላቀለ ንጹሕ ውኃ መጠቀም ራዲያተሩን ከማስቆፈር ይረክሳል።

በእነዚሁ ተራ የሚቆጠረው፣ ነገር ግን ከሁሉም የሚያስፈራው፣ የታይሚንግ ቺንጋ ነው። በእኛ አገር ሃይሉክሶችና ሚኒባሶች ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ኤል፣ ሦስት ኤልና አምስት ኤል የተባሉት የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ቺንጋቸው በየ100,000 ኪሎሜትሩ እንዲለወጥ የታዘዘ ነው፤ ጊዜው ሲደርስም በዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። መብራቱ ተቃጥሎ ወይም ተነቅሎ፣ የኪሎሜትር ቆጣሪውም ቆሞ ሊሆን ስለሚችል፣ መቼ እንደ ተለወጠ የማይታወቅ ቺንጋ ዛሬውኑ ይለወጥ። በጉዞ ላይ ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስቶኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ በአንድ ቀን ሥራ ያልቅ የነበረው ነገር ቴስታታ ወደ ማውረድ ይሸጋገራል።

እኝቶሬዎችም ከሞተሩ በፊት ይመርመሩ። ነዳጅ የሚያንጠባጥብ እኝቶሬ ሞተሩን ያንኳኳዋል፣ ጥቁር ያስጨሰዋል፣ ውሎ አድሮም ፒስቶኑን ይበሳዋል፤ በመሞከሪያ ማሽን ላይ ተፈትሾ አፉ ሲለወጥ ግን አርጅቷል የተባለው ሞተር ሌላ ሞተር የሚመስልበት ጊዜ አለ። በነዳጅ እጥረት ወራት በጀሪካን የሚገዛው ናፍጣ ውኃና ባዕድ ነገር ይዞ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ከማጣሪያው ሥር የተጠራቀመውን ውኃ በየሳምንቱ ማፍሰስ የፖምፓውን ዕድሜ ያረዝማል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው ጦርነት ጊዜ እንደ ሆነው ሁሉ ለወራት ቆሞ የከረመ መኪና ከሆነ ደግሞ፣ አሮጌው ነዳጅ ተቀድቶ፣ ዘይቱ ተለውጦ፣ ሞተሩም አስቀድሞ በእጅ ተዟዙሮ ካልሆነ በቀር አይነሣ።

ቴስታታ ማስወረድ በመካከለኛው ወገን የሚቆጠር ጥገና ነው፤ ተገቢ የሚሆነው ፈጥኖ ከተሠራ፣ የተቃጠለበትም ምክንያት ከታወቀ ነው። ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ የዘይቱ መልክ ወተት የመሰለ እንደ ሆነ መኪናው አንድ ኪሎሜትር እንኳ አይነዳ፤ ያ ዘይት ብሮንዚናዎቹን አይጠብቅምና የቴስታታው ጥገና በኮሎ ጥገና ይተካል። ቴስታታው ከወረደ በኋላ ቀጥ ባለ የብረት ማስመሪያና በስስ መለኪያ ይፈተሽ፤ ጥመቱ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ካለፈ ያለ ሬቲፊካ መልሶ መግጠም ከንቱ ድካም ነው። ሬቲፊካውም ወሰን አለው፤ ከዚህ ቀደም ደጋግሞ የተላገ ቴስታታ ውፍረቱ ስለሚያንስ በናፍጣ ሞተር ቫልቮቹን ወደ ፒስቶን ያቀርባቸዋል፤ እንዲህ ያለው ሌላ ቴስታታ ይፈለግለት። ራዲያተሩ ሳይጸዳ፣ ክዳኑና ቴርሞስታቱ ሳይለወጡ ሥራውን አልቋል ብለው አይቀበሉ፤ በሚቀጥለው ዳገት ላይ ያው ጓርኒሲዮን ዳግመኛ ይቃጠላል።

ከታች፣ ከሞተሩ ሆድ፣ ጭነት ሲይዝ እየበረታ የሚሄድ ድፍን የማንኳኳት ድምፅ ከተሰማ፣ የዘይቱም መብራት ሞተሩ ሞቆ በዝቅተኛ ዙር ሲሆን የሚበራ ከሆነ፣ ወዲያው ማቆም ግዴታ ነው። ሞተሩ ከመፈታቱ አስቀድሞ ግን የዘይቱ ግፊት በእውነተኛ መለኪያ ይለካ፤ መብራቱን የሚያበራው ትንሽ ዕቃ ራሱ ተበላሽቶ ጤነኛውን ሞተር የሚያሳማበት ጊዜ አለና። ግፊቱ በእርግጥ ከወረደ ፈጥኖ የቆመ መኪና በብሮንዚና ለውጥ ሊድን ይችላል፤ የዘገየው ኮሎው ተልጎ በ0.25፣ ከዚያም በ0.50 ሚሊሜትር የወፈረ ብሮንዚና ይገባለታል፤ ከዚያ ብዙ ካለፈ ኮሎው ራሱ ይጣላል። ከጥገናዎች ሁሉ መዘግየት እንደዚህ የሚያስከፍልበት ሌላ የለም።

ዘይት መብላቱ ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ በእርጋታ ሊጠበቅ ይችላል። ሒሳቡን በምሳሌ ላስረዳ። ሙሉ እድሳት 150,000 ብር ይጠይቃል እንበል፤ ሻንሲውና ካምቢዮው ደኅና ሆነው መኪናው ከዚያ በኋላ 5 ዓመት የሚሠራ ከሆነ ወጪው በወር 2,500 ብር ይደርሳል፤ ሻንሲው ከ2 ዓመት በላይ የማይሄድ ከሆነ ግን በወር 6,250 ብር ይሆናል። ሞተሩ በወር 2 ሊትር ዘይት ቢበላና የሊትሩን ዋጋ 800 ብር ብናደርገው፣ ለዘይት የሚወጣው 1,600 ብር ነው፤ ስለዚህ መጠበቁ ይበልጣል። ፍጆታው ወደ 4 ሊትር ሲያድግ 3,200 ብር ይሆናልና ሻንሲው ደኅና ለሆነው መኪና የእድሳቱ ጊዜ ደርሷል፤ ሻንሲው ላረጀው ግን አሁንም አልደረሰም። እርስዎ በእነዚህ ቁጥሮች ስፍራ የገበያውን ዋጋና የደብተርዎን መዝገብ ያስገቡ። መኪናው እንጀራ የሚበላበት ከሆነ ደግሞ በጋራዥ የሚቆምበትን ቀን ገቢ ከእድሳቱ ወጪ ጋር ይደምሩት፤ ብዙ ባለ ሚኒባስ ይህን ሳይቆጥር ይቀራል። በመጠበቂያው ጊዜ የዘይቱን ልክ በየዕለቱ ማየት የማይታለፍ ግዴታ ነው፤ ዘይት የሚበላን ሞተር የሚገድለው ብዙ ጊዜ የዘይቱ ማለቅ ነውና።

ሞተሩ መታደስ ካለበት ደግሞ ግማሽ እድሳት እንዳይፈቅዱ አደራ እላለሁ። ሲሊንደሩ ሳይለካ አዲስ ፋሻ ብቻ ማስገባት የተለመደ ነው፤ በተበላና ሞላላ በሆነ ሲሊንደር ውስጥ ያ ፋሻ በጥቂት ወራት ያልቃል። ሲሊንደሩና ኮሎው በማይክሮሜትር ተለክተው፣ ወደ ደሴም ሆነ ወደ አዲስ አበባ ለሬቲፊካ ሲላኩ ልኩ በወረቀት ተጽፎ አብሮ ይሂድ፤ ፒስቶንና ብሮንዚና የሚገዛው ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ትክክለኛው ልክ ከታወቀ በኋላ ነው። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መቀየርን የሚመርጡም አሉ፤ ሲሊንደሩ ለተሰነጠቀ፣ ኮሎው ልኩን ላለፈ ሞተር ይህ መንገድ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሲነሣና ሲሠራ ሳይሰሙት፣ ከላይ የተነገረው የግፊት ልኬት ሳይደረግለት፣ የጉምሩክ ሰነድና ሕጋዊ ደረሰኝ ሳይኖረው አይግዙ፤ የሞተሩ ቁጥር ተለውጦ በሊብሬው ላይ መመዝገብ አለበትና። ሰነድ አልባ ሞተር በርካሽ መገኘቱ ምክንያት አለው።

ከጋራዡ ጋር የሚደረገው ስምምነት አጭር ይሁን፣ ነገር ግን ይጻፍ፦ የሚሠራው ሥራ፣ የእጅ ዋጋው፣ መለዋወጫውን የሚገዛው ማን እንደ ሆነ፣ የሚያልቅበት ቀን፣ እንዲሁም የወጣው አሮጌ ዕቃ ሁሉ ለባለቤቱ እንደሚመለስ። ይህ የመጨረሻው ቃል መካኒኩን ለማሳጣት የተጨመረ አይደለም፤ የተበላውን ብሮንዚና፣ የተቃጠለውን ጓርኒሲዮን በእጅ ይዞ ማየት ባለቤቱን ስለ ሞተሩ ከየትኛውም ገለጻ ይበልጥ ያስተምረዋል።

የሥራውም ጊዜ ይታሰብበት። ብዙ ሰው ሞተሩን ለማሳደስ የሚጣደፈው መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም፣ ወይም በታኅሣሥ መጨረሻ ለልደት ወደ ላሊበላ ምእመናንን ለማድረስ ሲል ነው፤ ትናንት የተገጠመ ሞተር በዛሬው ዕለት ሙሉ ሰው ጭኖ የጋሸናን ዳገት ሲወጣ ግን ገና ያልተላመደው ፋሻና ሲሊንደር ይጎዳዳሉ። ስለዚህ ሥራው ከበዓሉ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ይለቅ። የታደሰው ሞተር የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎሜትር በቀላል ጭነት፣ በመጠነኛ ፍጥነት፣ ሳያጓራና በአንድ ዙር ብዙ ሳይቆይ በመርሳና በወልዲያ መካከል ይመላለስ፤ በ500 ኪሎሜትር ገደማ ዘይቱና ማጣሪያው ይለወጡ፤ የተቀዳው ዘይት በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ ፈስሶ የብረት ብናኝ እንዳለበትና እንደሌለበት ይመርመር። በእነዚህ ሳምንታት ውኃው በየማለዳው ይታይ፤ የቴስታታው ብሎኖች ዳግመኛ እንዲጠብቁ አምራቹ ያዘዘ እንደ ሆነም በተወሰነው ጉልበት በመለኪያ ቁልፍ ይጥበቁ፤ ደብተሩም ከአዲስ ገጽ ተጀምሮ ዘይቱና ውኃው እንደ ቀድሞው ይመዝገብ። ለ1,000 ኪሎሜትር ያህል ውኃ ካልጎደለ፣ የዘይቱም ልክ ከቆመ፣ መኪናው መጀመሪያ በግማሽ ጭነት፣ ቀጥሎም በሙሉ ጭነት ወደ ጋሸና ሊሰደድ ይችላል።